የሴቶች የልገሳ ማኅበር በሰፈር፦ ከመጀመሪያው ጥሪ እስከ ዓመቱ ሒሳብ መዝጊያ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች፣ በየካ አባዶም ይሁን በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱም ይሁን በጀሞ፣ ጎረቤታሞች ተጠራርተው ለሰፈሩ ልጃገረዶችና ለችግረኛ እናቶች የሚሆን ገንዘብ ማዋጣት ይጀምራሉ፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይም መዋጮው ይቆማል። እንዲህ ያለውን ማኅበር የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ የብር ማነስ አይደለም። ማን ይወስናል፣ ለማን ይሰጣል፣ በማን ስም ይቀመጣል የሚሉት ጥያቄዎች የሚነሡት ብሩ ከተሰበሰበ በኋላ ስለሆነ ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ የመጀመሪያው ብር የሚሰበሰበው በአራተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉትን ደረጃዎች አትዝለሉ።

እዚህ ላይ የልገሳ ማኅበር የምንለው አባላቱ በየወሩ የሚያዋጡት ገንዘብ የማይመለስበትን፣ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በድምፅ ተወስኖ ለሴቶችና ለልጃገረዶች ሥራ የሚውልበትን ስብስብ ነው። ዕቁብ ስላልሆነ ዕጣ የሚደርሳት አባል የለችም። ዕድርም ስላልሆነ አባል ብትታመም ወይም ኀዘን ቢደርስባት ከዚህ ገንዘብ አይወጣላትም።

ደረጃ 1፦ ሰው መሰብሰብ

1. ከአምስት እስከ ሰባት የሚሆኑ መሥራቾች ሁኑ፤ ከዚያም አባላቱን ከ15 እስከ 30 አድርሱ። ከ30 በላይ ከሆናችሁ በአንድ ክፍል ተቀምጣችሁ የሁሉንም ሐሳብ መስማት ያስቸግራችኋል። ከ15 ካነሳችሁ ደግሞ የሁለትና የሦስት አባላት መቅረት የዓመቱን ዕቅድ ያናጋዋል።

2. አባላቱን ከአንድ ብሎክ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ከአንድ የጽዋ ማኅበር ብቻ አትምረጡ። ቢያንስ አንዲት ተከራይ፣ አንዲት የጉሊት ነጋዴ፣ ከኮንዶሚኒየሙ በፊት በአካባቢው ትኖር የነበረች አንዲት እናትና ሁለት ወጣቶች ይኑሩበት። የሰፈሩን ችግር በቅርብ የምታውቀው ብዙ ጊዜ አነስተኛ ገንዘብ ያላት አባል ናት።

3. ለእያንዳንዷ ተጋባዥ ለብቻዋ ይህን ጠይቁ፦ «የምታዋጪው ብር በምንም መልኩ ተመልሶ ወደ አንቺ ወይም ወደ ቤተሰብሽ አይመጣም፤ በዚህ ትስማሚያለሽ?» ካመነታች አትጫኗት፤ ወደ ዕቁብ ብትገባ ይሻላታል። በይሉኝታ የገባች አባል የመጀመሪያው ክርክር ሲነሣ ብሯን መልሳ ትጠይቃለች።

4. የስብሰባ ቦታ ወስኑ። የጋራ መኖሪያ ከሆነ የኮሚናሉን ክፍል ከነዋሪዎች ማኅበር አስፈቅዱ፤ ካልሆነ የዕድር አዳራሽ ጠይቁ። በየቤቱ መዞር የግድ ከሆነ መስተንግዶው ቡናና ቆሎ ብቻ መሆኑ በመዝገብ ይስፈር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አንዷ ዶሮ ሠርታ ስትጋብዝ የሚቀጥለው ተራ የደረሳት አባል አቅም ስላነሳት ብቻ ከማኅበሩ ትቀራለች።

ደረጃ 2፦ መተዳደሪያ ደንብ መጻፍ

ደንቡ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ የማይነበብ ደንብ ከሌለ አይሻልም። በመጀመሪያው ስብሰባ ረቂቁን በቃል ተወያዩበት፣ በሁለተኛው ጽፋችሁ አንብቡት፣ በሦስተኛው ሁላችሁም ፈርሙበት። ማንበብ የማትችል አባል ካለች ደንቡ ጮክ ተብሎ ይነበብላት፤ በጣት አሻራዋም ትፈርም።

የሚከተሉት ነጥቦች መጉደል የለባቸውም፦

1. መዋጮው ቢለያይም ድምፅ እኩል ነው። 500 ብር የምታዋጣም 100 ብር የምታዋጣም አንድ ድምፅ አላት።

2. ውሳኔ የሚሰጠው ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ሲገኙ ነው፤ ገንዘብ ወጪ የሚሆነው ከተገኙት ከግማሽ በላይ የሆኑት ሲደግፉ ነው። በስልክና በቴሌግራም የተሰጠ ድምፅ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር የሚለው አስቀድሞ ይጻፍ።

3. የሥጋ ዘመዷ፣ አማቷ፣ አሠሪዋ ወይም የንግድ ሸሪኳ የሚጠቀምበት ጥያቄ የቀረበባት አባል ይህንኑ አስቀድማ ትናገራለች፤ በውይይቱ መጀመሪያ የምታውቀውን አስረድታ ከክፍሉ ትወጣለች፤ ድምፅ አትሰጥም። በሰፈር ሁሉም ከሁሉም ጋር ስለሚዛመድ «ዘመድ ያለው አይረዳም» የሚል ደንብ አይሠራም። የሚሠራው ዝምድናውን ይፋ አድርጎ ከድምፅ መራቅ ነው።

4. ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ለአንድ ዓመት ይመረጣሉ፤ በአንድ ኃላፊነት ላይ ከሁለት ዓመት በላይ አይቆዩም። ከእነርሱ ጋር የማትሠራ አንዲት ሒሳብ መርማሪ ትመረጣለች። ገንዘብ ያዧና ሒሳብ መርማሪዋ እኅትማማቾች ወይም ምራትና አማት አይሁኑ።

5. ሳትከፍል የቀረች አባል አትቀጣም። የዕድር ቅጣት የለመደ ሰው ይህን ይቃወማል፤ ሆኖም በፈቃድ በሚሰጥ ገንዘብ ላይ ቅጣት ሲጨመር ችግር የገጠማት አባል ዕዳዋን ከማስረዳት ይልቅ መደበቅ ትመርጣለች። ሦስት ወር ያልከፈለች አባል አባልነቷ ሳይቋረጥ ድምፅ የመስጠት መብቷ ብቻ ይታገድ።

6. የወጣች አባል ያዋጣችው አይመለስላትም። ማኅበሩ ቢፈርስ ቀሪው ገንዘብ ለየትኛው ተቋም እንደሚሄድ ስሙ ተጠቅሶ ይጻፍ።

*ቢበላሽ፦* ደንቡ ላይ በአንድ ነጥብ ብቻ ካልተስማማችሁ የተቀረውን አጽድቁ፣ ያንን ነጥብም ለስድስት ወር በሙከራ አስገቡት። በነጥብ 3 ላይ ካልተስማማችሁ ግን ወደሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ።

ደረጃ 3፦ ገንዘቡ በማን ስም ይቀመጥ?

ሦስት መንገዶች አሉ፤ እንደ አቅማችሁ ምረጡ።

*በነባር ዕድር ሥር።* ዕድሩ ማኅተም፣ የባንክ ሒሳብና በወረዳው ዘንድ ዕውቅና ካለው የልገሳ ማኅበራችሁ እንደ አንድ ንዑስ ኮሚቴ ሊሠራ ይችላል። ለጀማሪ ይህ መንገድ ቀላሉ ነው። ሁለት ነገሮችን በጽሑፍ ካላስፈረማችሁ ግን አትግቡበት፤ አንደኛው ገንዘቡ በተለየ ሒሳብና በተለየ መዝገብ እንደሚቀመጥ፣ ሁለተኛው ወጪ የሚፈረመው በእናንተ በተመረጡ ሴቶች ብቻ እንደሆነ ነው። አለበለዚያ ዕድሩ ድንኳን ለመግዛት ብር ባጠረው ቀን የልጃገረዶቹ ገንዘብ «በብድር» ይወጣል።

*በጣምራ የባንክ ሒሳብ።* ሦስት አባላት በጋራ ሒሳብ ይክፈቱ፤ ወጪ የሚሆነው ከሦስቱ ሁለቱ ሲፈርሙ ይሁን። በአዲስ አበባ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት የፋይዳ መታወቂያ ስለሚጠየቅ ፈራሚዎቹ አስቀድመው ይመዝገቡ። ፈራሚዎቹን የመረጣችሁበትን ቃለ ጉባኤ በሁለት ቅጂ ያዙ። የኤቲኤም ካርድና የሞባይል ባንኪንግ በዚህ ሒሳብ ላይ አታስከፍቱ፤ የምሥጢር ቁጥሩን የያዘች አንዲት ሴት ብቻዋን ገንዘብ ማውጣት ከቻለች የሁለት ፊርማው ትርጉም ይጠፋል። የገቢና የወጪ የአጭር መልእክት ማሳወቂያ ከፈራሚዎቹ ውጭ ለሆነች አባል እንዲደርስ ባንኩን ጠይቁ።

*ተመዝግቦ ሕጋዊ ሰውነት ማግኘት።* የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንደ ዕድርና ዕቁብ ያሉትን ባህላዊ ተቋማት አይመለከትም። ይህ ማለት ግን ማንኛውንም መዋጮ ሕግ አይመለከተውም ማለት አይደለም። ከአባላት ውጭ ካለ ሰው ገንዘብ ለመሰብሰብ፣ ከውጭ አገር እርዳታ ለመቀበል፣ ሠራተኛ ለመቅጠር ወይም በራሳችሁ ስም ውል ለመዋዋል ካሰባችሁ አስቀድማችሁ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንን ጠይቁ። የአዲስ አበባና የሸገር ከተማ አስተዳደር በሚዋሰኑባቸው ሰፈሮች የምትኖሩ ደግሞ መጀመሪያ በየትኛው ወረዳ ሥር እንደሆናችሁ አረጋግጡ፤ የሸገር ከተማ በኦሮሚያ ክልል ሥር ስለሆነ የምታነጋግሩት መሥሪያ ቤት ይለያል።

በአንዲት ሴት የግል ሒሳብ ወይም በግል ቴሌብሯ ገንዘብ አታጠራቅሙ፤ የቱንም ያህል የታመነች ብትሆን። ይህ እርሷንም መጠበቅ ነው። ብትታመም፣ ብትሞት ወይም ከባሏ ጋር ንብረት ብትካፈል ገንዘቡ የእርሷ አለመሆኑን ማስረዳት ረጅም ክርክር ይጠይቃል።

ደረጃ 4፦ መዋጮ

መጠኑን አነስተኛ ገቢ ባላት አባል ልክ ወስኑ፤ አቅም ያላቸው ከፈለጉ ይጨምሩ። ደመወዝተኞች ደመወዝ በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ይክፈሉ፤ የጉሊት ነጋዴና የቀን ሠራተኛ በየሳምንቱ ቢከፍሉ ይቀላቸዋል። ወርኃዊው 200 ብር ቢሆን በሳምንት 50 ብር ማለት ነው። በመስከረም የልጆች ምዝገባና በዓል ስለሚደራረቡ የዚያን ወር መዋጮ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ማዘግየት ይፈቀድ።

ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። 25 ሴቶች በወር 200 ብር ቢያዋጡ በዓመት 60,000 ብር ይሆናል። በ60,000 ብር ግን አታቅዱ፤ ከአምስት እጅ አንዱ እንደማይገባ ቆጥራችሁ በ48,000 አቅዱ። ከዚህ 4,800 ብር ለመጠባበቂያ፣ 1,200 ብር ለደረሰኝ፣ ለትራንስፖርትና ለፎቶ ኮፒ ያዙ። ለሥራ የሚቀረው 42,000 ብር ለሁለት ሲከፈል 21,000 ብር በየካቲት፣ 21,000 ብር ደግሞ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት በነሐሴ ይሰጣል። ከታቀደው በላይ የገባው ለሚቀጥለው ዙር ይተላለፋል።

ለእያንዳንዱ መዋጮ ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ በካርቦን ይቆረጥ። በጥሬ ገንዘብ የተሰበሰበው በሁለት ቀን ውስጥ ባንክ ይግባ፤ የባንኩ ወረቀትም ከደረሰኞቹ ጉርድ ጋር ይያያዝ።

*ቢበላሽ፦* የደረሰኞቹ ድምርና ባንክ የገባው ካልተገናኘ ልዩነቱ 10 ብር ቢሆን እንኳ በዚያው ስብሰባ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ገንዘብ ያዧ ከኪሷ አሟልታ ነገሩን እንድታለባብስ አትፍቀዱ።

ደረጃ 5፦ ለምን እንደሚውል መምረጥ

ብዙ ማኅበራት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ቢያንስ ሁለት ወር ስጡት።

*ሀ. መጀመሪያ ጠይቁ።* ሁለት ሁለት ሆናችሁ ወደ አቅራቢያው የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ወደ ወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ወደ ሴቶቹ መዋያ፣ ማለትም ወደ ጉሊቱ፣ ወደ ግንባታ ሥራው ቦታና ወደ ውሃ ወረፋው ሂዱ። «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የምታገኙት ረጅም ዝርዝር ነው። «ባለፈው ወር ከትምህርት ያስቀራችሁ ምን ነበር?»፣ «ልጅሽን ለማን ትተሽ ነው የመጣሽው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጃገረዶችን በርእሰ መምህሩ ፊት አታነጋግሩ፤ የልጃገረዶች ክበቡን ኃላፊ መምህርት አስፈቅዳችሁ ለብቻቸው አነጋግሯቸው።

*ለ. ሌላ አካል የሚሸፍነውን ለዩ።* የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ ዩኒፎርም፣ ደብተርና ምገባ ያቀርባል። ይህን ሳያጣሩ ደብተር ገዝቶ መውሰድ ድካምን ማባከን ነው። በሸገር ከተማ በኩል ባሉ ትምህርት ቤቶች ግን አቅርቦቱ የተለየ ሊሆን ስለሚችል በየትምህርት ቤቱ ጠይቁ።

*ሐ. ጥያቄውን በአንድ ገጽ አስጽፉ።* ችግሩ ምንድን ነው፣ ስንት ሴቶችን ይመለከታል፣ ምን ይገዛል፣ ማን ይረከባል፣ ብሩ ሲያልቅ ምን ይሆናል? መጻፍ ያስቸገራት ጠያቂ ካለች ጸሐፊዋ ከአፏ እየሰማች ትጻፍላት።

*መ. ቦታው ላይ ተገኙ።* ጥያቄውን ያመጣችው አባል ከጎብኚዎቹ አንዷ አትሁን። የሞዴስ አቅርቦትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ለ60 ልጃገረዶች በወር አንድ አንድ እሽግ ለአሥር ወር ቢሰጥ 600 እሽግ ይሆናል፤ በድንገት ለሚያስፈልጋቸው 60 ሲጨመር 660። ሒሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነው። ጎብኚዎቹ ማየት ያለባቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሴቶች መጸዳጃ ቤቱ በር ከውስጥ ይቆለፋል ወይ? ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ቀናት ልጅቷ በምን ትታጠባለች? ያገለገለው የት ይጣላል? እሽጉን የምትይዘው ሴት መምህርት ናት ወይስ የንብረት ክፍሉ ወንድ ሠራተኛ? በሩ የማይቆለፍ፣ ውሃም የሌለው ከሆነ የመጀመሪያው ዙር ገንዘብ ለመቀርቀሪያ፣ ለሮቶና ክዳን ላለው ቆሻሻ መጣያ ይዋል፤ ሞዴሱ በሁለተኛው ዙር ይከተላል። ታጥቦ የሚደጋገመውን ዓይነት ከመረጣችሁ ደግሞ ልጃገረዶቹ በፀሐይ የሚያሰጡበት ቦታ እንዳላቸው ጠይቁ፤ በአንድ ክፍል ቤት አፍራ አልጋ ሥር የምታደርቀው እርጥብ ጨርቅ ለጤናዋ ጥሩ አይደለም።

የልብስ ስፌት መኪና ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ተጠንቀቁ። መኪናው በስጦታ መልክ ዓይን ይሞላል፤ ነገር ግን ሙያውን የተማረች መሆኗን፣ ሥራ የሚሰጣት ደንበኛ ወይም ሱቅ መኖሩንና የምታስቀምጥበት ቦታ እንዳላት ካላያችሁ ከዓመት በኋላ ተሸጦ ታገኙታላችሁ። ብትሸጠውም አትውቀሷት፤ ያን ጊዜ ያስፈለጋት የቤት ኪራይ ነበር ማለት ነው። ለሕፃናት ማቆያ የሚቀርብ ጥያቄ በአንጻሩ በደንብ ሊታይ ይገባዋል፤ በዳርቻው ሰፈር የምትኖር እናት ወደ መሀል ከተማ ደርሳ ለመመለስ ብዙ ሰዓት በትራንስፖርት ስለምታጠፋ ልጅ የሚጠብቅላት ካጣች ሥራዋን ትተዋለች።

*ሠ. ድምፅ ስጡ።* የእያንዳንዱ ጥያቄ ጎብኚዎች አሥር አሥር ደቂቃ ያስረዱ። ድምፁ በወረቀት፣ በምሥጢር ይሰጥ፤ እጅ በማውጣት የሚሰጥ ድምፅ ሰብሳቢዋን ወይም በዕድሜ የገፋችውን እናት የሚከተል ይሆናል። እኩል ከሆነ ለብዙ ሴቶች የሚደርሰው ይመረጥ፤ ገንዘቡን ለአምስት ቦታ ቆራርሳችሁ ሁሉንም ለማስደሰት አትሞክሩ።

ጥንቃቄ፦ የጥቃት ጉዳይ ሲገጥማችሁ

በጉብኝቱ ጊዜ የተደፈረች ወይም የምትደበደብ ሴት ብታገኙ ጉዳዩ ለድምፅ አይቀርብም፤ ስሟም በስብሰባ አይነሣም። አትመርምሯት፣ ሽማግሌ አትላኩ፣ ከበደላት ሰው ጋር ለማስታረቅ አትሞክሩ። መደፈር ከሆነ ፈጥና ሕክምና እንድታገኝ አድርጉ፤ ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ መጠንም የተሻለ ይሠራል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናና የሕግ አገልግሎት በአንድ ቦታ የሚሰጥበት ማዕከል አለ። ከመጠባበቂያው ለትራንስፖርት የሚሆን ብር ሰብሳቢዋና ገንዘብ ያዧ ስም ሳይጠቅሱ ማውጣት እንዲችሉ በደንባችሁ ውስጥ ይፈቀድላቸው።

ደረጃ 6፦ መስጠት

1. ከሦስት ሻጮች ፕሮፎርማ ውሰዱ። ክፍያውን በባንክ ለሻጩ ፈጽሙ፤ ለርእሰ መምህሩ፣ ለአስተባባሪዋ ወይም ለተረጂዋ በጥሬ ገንዘብ አትስጡ። ደረሰኙ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለበት ይሁን።

2. ከተቀባዩ ተቋም ጋር በአንድ ገጽ ተፈራረሙ። ይህን ቃል መጠቀም ትችላላችሁ፦ «ማኅበሩ ለ... የሚውል ዋጋው ... ብር የሆነ ንብረት በ... ቀን አስረክቧል። ተቋሙ ንብረቱን ለተባለው ሥራ ብቻ ያውላል፤ በ... ቀን ለማኅበሩ ሁለት ተወካዮች አጠቃቀሙን ያሳያል፤ የተጠቃሚዎችን ስም ለማኅበሩ አይሰጥም።» የተቋሙ ማኅተም ይደረግበት።

3. በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትስጡ። በሞዴሱ ምሳሌ፣ ከ660ው እሽግ የግማሽ ዓመቱን አስረክቡ፤ ቀሪውን የመጀመሪያውን አጠቃቀም ካያችሁ በኋላ።

4. ልጃገረዶቹን አሰልፋችሁ ፎቶ አታንሡ፤ ለቴሌግራም ቡድናችሁም ቢሆን። አባላቱ ማየት ያለባቸው ደረሰኙንና የርክክብ ሰነዱን ነው።

*ቢበላሽ፦* ሻጩ ዋጋ ከጨመረ ብዛቱን ቀንሱ እንጂ መጠባበቂያውን አትንኩ። ተቋሙ ንብረቱን ለሌላ ነገር ካዋለው ቀሪውን ርክክብ አቁሙና ደብዳቤ ጻፉ፤ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት በግልባጭ አሳውቁ። በዚያ ትምህርት ቤት ያሉት ልጃገረዶች ግን በኃላፊው ጥፋት እንዳይጎዱ በመምህርቷ ወይም በወላጆች ኮሚቴ በኩል ሌላ መንገድ ፈልጉ።

ደረጃ 7፦ መከታተልና ሒሳብ መዝጋት

ከርክክቡ ሦስት ወር በኋላ ከመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች አንዷና አንዲት አዲስ አባል ይሂዱ። የሚጠይቁት ጥቂት ነው፤ ምን ያህሉ ሥራ ላይ ዋለ፣ ምን ተረፈ፣ ያልታሰበ ምን ችግር ተፈጠረ? የጽሑፍ ዘገባ ብላችሁ መምህራንን አታስጨንቁ፤ ለ21,000 ብር ሃያ ገጽ መጠየቅ ነውር ነው።

በነሐሴ መጨረሻ ሒሳብ መርማሪዋ የደረሰኝ ጉርዶቹን፣ የባንክ መግለጫውንና የርክክብ ሰነዶቹን ጎን ለጎን አድርጋ ታመሳክር። ውጤቱ ለሁሉም አባላት ይነበብ፤ በጳጉሜን መዋጮ አይሰብሰብ፣ አዲስ ምርጫ ይካሄድበት። አዲሶቹ ተመራጮች መዝገቡን፣ ያልተቆረጡ ደረሰኞችንና የባንክ ደብተሩን በቁጥር ቆጥረው፣ በሦስት ምስክሮች ፊት ፈርመው ይረከቡ። የባንክ ፈራሚዎቹን ስም ለማስቀየር አዲሱን ቃለ ጉባኤ ይዘው የቀድሞዎቹና አዲሶቹ አብረው ወደ ባንኩ ይሂዱ፤ ይህ እስኪጠናቀቅ ድረስ ምንም ወጪ አይፈረም።